በአነስተኛ ወጪ የጥንት ገንዘብ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት፦ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ለሚሠሩ ባልደረቦች

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




ጠገራ ብር አንድ ጊዜ ከአንጥረኛ ማቅለጫ ውስጥ ከገባ በኋላ ጠገራ ብር እንደ ነበረ የሚመሰክርለት የለም። ከማቅለጫው የሚወጣው መስቀል ወይም አምባር፣ ድሪ ወይም ጉትቻ ነው እንጂ፣ በላዩ የነበረው መልክ፣ ጽሑፍና ዓመተ ምሕረት ተመልሶ አይገኝም። በዚህ አንጥረኛውን መውቀስ አይገባም። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የሚሠራው የብር ጌጥ ዋና ጥሬ ዕቃ ይኸው ጠገራ ብር ነበርና፣ እርሱም የአባቱን ሙያ ነው የሚሠራው። ሊያሳዝን የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም ብሩ ከመቅለጡ በፊት በአንዲት ፎቶግራፍ እንኳ ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው።

በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ ወረዳ፣ ማለትም በስሪንቃና በውርጌሳ ጭምር፣ የጥንት ገንዘብ የሚገኘው በሙዚየም መስታወት ውስጥ አይደለም። በእናቶች ሣጥን ውስጥ ነው፤ በድሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ በአድባራት ዕቃ ቤት፣ በሽማግሌዎች ከረጢት፣ በአንጥረኛ መደብ ላይ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ማርትሬዛ ነው። ቀጥሎም በፓሪስ የታተመው የምኒልክ ብር ከነአላዱ፣ ከእነርሱ በኋላ ቤሳና ማቶኛ፣ ከዚያም 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት ስሙኒና የብሩ ኀምሳ ሳንቲም ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ሲሸጥና ሲቀልጥ፣ የት እንደ ነበረና ምን እንደ ነበረ የሚናገር መዝገብ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያና በመርሳ ላይ በነበረበት ወራት ሕዝቡ ከደረሰበት መከራ ጋር ሲነጻጸር የሳንቲም ነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ወቅት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ በደሴ የሚገኘው ሙዚየም እንኳ ሳይቀር ከዘረፋው አልዳነም። ንብረቱ የጠፋበት ሰው “የጠፋው ይህ ነው” ብሎ ማሳየት ካልቻለ፣ ዕቃው ነገ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ገበያ ቢታይ የእኔ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ አይኖረውም። ጠገራ ብር ሁሉ ከሩቅ ሲታይ አንድ ነውና፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ጭረቱ፣ ቀዳዳው፣ የተበላው ጠርዙ ነው፤ እነዚህንም በቃል መግለጽ አይቻልም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ በድንገት የተገኘም ቢሆን ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲገለጽ ያዛል። የተሰረቁ ቅርሶችን ለማስመለስ የሚያገለግለው ኦብጀክት አይዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የአመዘጋገብ መመሪያም፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን በመጀመሪያ ያስቀመጠው ትእዛዝ “ፎቶግራፍ ይነሣ” የሚል ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ማንሣቱ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው። ጥያቄው፣ ለወረሐ ወጪው የማይበቃ በጀት ያለው የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት ክበብ ወይም የታሪክ መምህር በምን ያንሣ? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ “ካሜራ ውድ ነው” የሚል ነው። መልሱ እውነት አለበት፤ ይሁን እንጂ ጥያቄውን ከተሳሳተ ጫፍ ይይዘዋል። በሳንቲም ፎቶግራፍ ውስጥ መጨረሻ ሊታሰብበት የሚገባው ዕቃ ካሜራው ነው። ቀዳሚው ብርሃን፣ ቀጣዩ ካሜራውን ሳይነቃነቅ የሚይዝ ማቆሚያ፣ ሦስተኛው ሌንስ ነው። አሥር ብር ያለው ሰው ዘጠኙን ለካሜራው አውጥቶ በቀረው አንድ ብር መብራት ልግዛ ቢል፣ የሚያገኘው ውድ የሆነ የደበዘዘ ሥዕል ነው። ሦስቱን ወይም አራቱን ለብርሃንና ለማቆሚያ ቢመድብ ግን፣ አሮጌ ካሜራም ቢሆን ያኮራዋል።

ለመሆኑ ፎቶግራፉ ምን እንዲያሳይ ነው የሚፈለገው? የመሣሪያውን መጠን የሚወስነው ይህ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይበጃል።

ማርትሬዛ ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ስም ሲታተም ኖረ፤ የታተመውም በአንድ አገር ብቻ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ማተሚያውን ከቪየና አግኝታ በሮማ ማተም ጀመረች፤ ወረራውም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በተከታዩ ዓመት ሎንዶን አተመችው፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም አትመውታል። ስለዚህ በመርሳ አንዲት እናት አንገት ላይ የተንጠለጠለው ማርትሬዛ በቅድመ አያቷ ዘመን በነጋዴ ቅፍለት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለወረራው ወጪ በሮማ የታተመ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የታሪክ ርቀት ብዙ ነው፤ በብሩ ላይ ግን የሚለያቸው በንግሥቲቱ የልብስ ማያያዣ ላይ ያሉት የዕንቍ ነጠብጣቦች፣ የንስሩ የጅራት ላባዎችና እነዚህን የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ፎቶግራፉ ዕንቍዎቹን ለማስቆጠር የማይበቃ ከሆነ፣ “አንድ ማርትሬዛ አለ” ከማለት አይዘልም። በጠርዙም ዙሪያ “ፍትሕና ምሕረት” የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ጽሑፍ ስላለበት፣ ጠርዙ ለብቻው መነሣት አለበት።

የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። አንበሳው ያነሣው የቀኝ እግሩን ነው ወይስ የግራውን? ይህ የኅትመቱን ዘመን ይለያል። ልጆች “ዘውድ ወይስ ጎፈር” እያሉ የሚጫወቱበት ገንዘብ እንኳ የራሱ ታሪክ አለው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት ክብ የመዳብ ስሙኒ የብር ቅብ እየተቀባ እንደ ኀምሳ ሳንቲም ይተላለፍ ስለ ነበር ተሰብስቦ፣ ጠርዙ እንደ አበባ ጫፍ የተጠማዘዘው ስሙኒ ተተክቶበታል። ክቡን ስሙኒ ያገኘ ሰው ቀለሙን በትክክል የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካላነሣ፣ የተቀባውን ካልተቀባው መለየት አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው የአክሱም ገንዘብ ነው። ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ታትሟል። በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ያለው በመሆኑ ከጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። በአንዳንዶቹ የነሐስና የብር ገንዘቦች ላይ ደግሞ በመስቀሉ መካከል ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ የወርቅ ልባጥ አለ። ብርሃኑ በትክክል ካላረፈበት ወርቁ ከዝገቱ ጋር ተመሳስሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በአጋጣሚ ቢመጣ፣ ሁለተኛ ላይመጣ ስለሚችል፣ መሣሪያው አስቀድሞ ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት።

አሁን ወደ ልኬቱ ነው። ማርትሬዛም ሆነ የምኒልክ ብር ስፋታቸው 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሌንሳቸው የሚቀያየርላቸው ተራ ዲጂታል ካሜራዎች፣ ማለትም በየከተማው በሠርግ ላይ የሚታዩት አነስተኛ ካኖኖችና ኒኮኖች፣ ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ቁመቱ 15 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ሌንስ በጣም ቀርቦ ሲያነሣ ዕቃውን በሲሶው መጠን በሴንሰሩ ላይ ያሳርፈዋል። የ40 ሚሊሜትር ሲሶ 13 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ጠገራ ብር በዚህ ሌንስ ሴንሰሩን ሊሞላው ምንም አይቀረው! ለጠገራ ብር ሲባል ብቻ ማክሮ የሚባለውን ውድ የቅርብ ማንሻ ሌንስ መግዛት አያስፈልግም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ በውድ ሌንስ ምኞት ሥራውን ለዓመታት ያዘገያል።

15 ሚሊሜትር ስፋት ላለው የአክሱም ነሐስ ግን ያው ሌንስ አይበቃም። ምስሉ በሴንሰሩ ላይ 5 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ በ18 ሚሊዮን ፒክሰል ካሜራ ከዳር እስከ ዳር 1,150 ፒክሰል ያህል ብቻ ያገኛል። ለመዝገብ ይበቃል፤ ፊደል ለማንበብ ግን ያስቸግራል። እዚህ ላይ ርካሹ መፍትሔ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባው ማራዘሚያ ቀለበት ነው። ቀለበቱ መስታወት የለውም፤ ባዶ ቱቦ ነው፤ ስለዚህም ርካሽ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 50 ሚሊሜትር ማራዘሚያ ቢጨመር፣ ዕቃውና በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል መጠናቸው እኩል ይሆናል፤ 36 ሚሊሜትር ቢጨመር ምስሉ ከዕቃው ሰባት ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። ለአክሱም ገንዘብ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

በቀለበቱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እጅግ ርካሾቹ ቀለበቶች የኤሌክትሪክ መገናኛ የላቸውም፤ በዚህም የተነሣ አዲሶቹ ሌንሶች የብርሃን ቀዳዳቸውን ማጥበብ አይችሉም። መገናኛ ያለውን ቀለበት ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው፣ የብርሃን ቀዳዳው በራሱ በሌንሱ ላይ በእጅ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ይፈልግ። በፊልም ዘመን የተሠሩት እነዚህ ሌንሶች በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛሉ። በሶቪየት ኅብረት ይሠራ ከነበረው ዜኒት ካሜራ ጋር የሚመጣው የ58 ሚሊሜትር ሄልዮስ ለምሳሌ በአንዲት የማገናኛ ቀለበት በካኖን ላይ ይገጠማል። በኒኮን ላይ ሲገጠም የሩቁን አጥርቶ አያነሣም ተብሎ ይነቀፋል፤ ነገር ግን ሳንቲም ሩቅ ስላልሆነ ነቀፋው እዚህ አይደርስም። ኒኮን ራሱ በዚያ ዘመን የሠራው 55 ሚሊሜትር ማይክሮ ሌንስ ያለ ምንም ቀለበት የዕቃውን ግማሽ መጠን ያነሣል፤ ከተገኘ አይታለፍ። ካሜራው ከእንዲህ ያለ ሌንስ ጋር ብርሃን አልለካም ቢል ግድ የለም፤ አንድ ሙከራ አንሥቶ በመስኮቱ አይቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ሳንቲሙ የትም አይሄድም።

ከ90 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለው እውነተኛው ማክሮ ሌንስ ጥቅሙ በማጉላቱ ሳይሆን ከሳንቲሙ ራቅ ብሎ መቆሙ ነው። በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል መብራት የሚገባበት ስፍራ ይተዋል። ገንዘብ የተረፈው ይግዛው፤ ያልተረፈው አይዘን።

የእጅ ስልክስ? በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ያለው ካሜራ እርሱ ብቻ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ሳንቲሙ ነገ ከማቅለጫ የሚገባ ከሆነ፣ ዛሬ በስልክ የተነሣው ፎቶግራፍ ከሁሉ የተሻለ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ሦስት ጠባዩ መታወቅ አለበት። መጀመሪያ፣ በርካሽ ስልኮች ላይ “ማክሮ” ተብሎ የተለጠፈው ሁለተኛ ዐይን ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊዮን ፒክሰል ብቻ ያለው፣ ከስም በቀር ጥቅም የሌለው ነው፤ በዋናው ዐይን ራቅ ብሎ አንሥቶ ዳር ዳሩን መቍረጥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ስልኩ እጅግ ሲጠጋ የራሱን ጥላ በሳንቲሙ ላይ ይጥላል፤ የሳንቲሙም ክብነት ይዛባል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ስልኩ ያነሣውን እንዳለ የማያስቀምጥ መሆኑ ነው። ምስሉን ራሱ እያሳመረ፣ መስመሩን እያደመቀ፣ ያላየውንም እየገመተ ያስቀምጣል። ለሠርግ ይህ ጸጋ ነው፤ ለማስረጃ ግን እንከን ነው። ስለዚህ ማስዋቢያው ሊዘጋ የሚችልበት ስልክ ከሆነ ይዘጋ።

በየጽሕፈት ቤቱ ያለው የወረቀት ስካነር ደግሞ ሌላ ዕድል ነው፤ ግን ሁሉም አይደለም። ቀጫጭኖቹ አዳዲስ ስካነሮች በመስታወቱ ላይ ከተጣበቀ ወረቀት በቀር ከፍ ዝቅ ያለውን አጥርተው አያነቡም፤ ሳንቲሙ ይደበዝዛል። ወፈር ያሉት፣ በውስጣቸው መስታወትና ሌንስ ያላቸው አሮጌዎቹ ጥቂት ጥልቀት ስላላቸው ጠገራውን ከሞላ ጎደል ያሳያሉ። ብርሃናቸው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ውበት የለውም፤ ለቆጠራ ግን ያገለግላል።

ስለ ካሜራው አገዛዝ ጥቂት ቃል ይበቃል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዲስ ካሜራ ለወረዳ በጀት የሚታሰብ አልሆነም። የሚያዋጣው ያገለገለ ካሜራ ነው። ሳንቲም አይሮጥም፤ በጨለማም አይጨፍርም፤ ስለዚህ የሠርግ አንሺው “አርጅቷል፣ ፍጥነት የለውም” ብሎ የሚሸጠው የዐሥር ዓመት ካሜራ ለሳንቲም ገና ጎበዝ ነው። ገዢው ግን ካሜራው ስንት ጊዜ እንደ ተኮሰ ይጠይቅ፤ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሥቶ በሴንሰሩ ላይ ያለውን ጉድፍ ይመልከት፤ ሌንሱን በእጅ ባትሪ እያበራ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አለመኖሩን ያረጋግጥ። ባትሪውም ሥራ ላይ እያለ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳይፈተን ገንዘብ አይከፈል። ካሜራ መግዛት ጨርሶ የማይቻል ከሆነም፣ በወልድያ ካሉት ፎቶ ቤቶች ጋር ተስማምቶ በዓመት የተወሰኑ ቀናት መሣሪያቸውን መከራየት ከመግዛት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማቆሚያውን በተመለከተ እነዚሁ ፎቶ ቤቶች ሌላ ሀብት አላቸው። ፊልም በጨለማ ክፍል በሚታጠብበት ዘመን ሥዕል ለማጉላት ያገለግል የነበረው መሣሪያ፣ ኢንላርጀር የሚባለው፣ ዛሬ ሥራ ፈትቶ አቧራ ለብሷል። የላይኛው የመብራት ራሱ ቢወልቅና በስፍራው ካሜራ ቢታሰር፣ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚያይ፣ በሱቅ ቢገዛ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ማቆሚያ ይሆናል። ኢንላርጀሩ ካልተገኘ፣ ማንኛውም የብረታ ብረት ቤት ከቱቦና ከጣውላ ሊሠራው ይችላል። ባለ ሦስት እግሩ ስታንድ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ እግሮቹ የመብራቱን መንገድ ይዘጋሉ።

ካሜራው ከሳንቲሙ ጋር ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ውኃ ልክ አያስፈልግም። በሳንቲሙ ስፍራ ትንሽ መስታወት ይቀመጥ፤ በካሜራው ሲታይ የሌንሱ መካከል በሥዕሉ መካከል ከታየ ትይዩ ነው፤ ካልታየ ዘንበል ብሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው መንገድ መርሳንም ወልድያንም ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍ ጊዜ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። በዐይን አይታወቅም፤ በግማሽ ሴኮንድ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ግን ዕንቍዎቹ ተደርበው ይታያሉ። ስለዚህ ሥራው ከመንገድ ራቅ ባለ ክፍል፣ ወይም መኪና በሚያንስበት የማለዳ ሰዓት ይሁን፤ መተኮሻውም በጣት ሳይነካ በ2 ሴኮንድ ቆይታ ይተኮስ።

ወደ ብርሃኑ ሲመጣ መጻሕፍት የሚሉት ሁሉ እንዳለ አይወሰድም። የአውሮፓ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚመለከት መስኮት ይመረጥ ይላሉ፤ ፀሐይ በእነርሱ ዘንድ በቀትር ከደቡብ ስለማትለቅ ሰሜኑ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ጥላ ነው። ወልድያ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ብቻ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር የምትገኘው በስተ ሰሜን በኩል ነው፤ ጧትና ማታማ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ወደ ሰሜን አዘንብላ ትወጣለች፣ ትገባለችም። በእነዚህ ወራት የሰሜኑ መስኮት በፀሐይ ይመታል፤ ብሩም ነጭ ነበልባል ይሆናል። ስለዚህ በበጋ የሰሜኑ፣ በክረምት አካባቢ የደቡቡ መስኮት ይሻላል፤ ወይም በመስኮቱ ላይ ነጭ ስስ ሻሽ ወይም አሮጌ ነጠላ ይዘርጋ። ነጠላ በጣም ጥሩ ብርሃን ማለስለሻ ነው፤ ከባሕር ማዶ ለዚህ ተብሎ በሚመጣ ጨርቅ ገንዘብ የሚያባክን ሰው ቤቱን አልፈተሸም።

በመስኮት የማይሠራ ሰው ሁለት ትንንሽ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ይበቁታል፤ የቀለም ታማኝነታቸው 90 እና ከዚያ በላይ የሚል ቢጻፍባቸው ይመረጣል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሥራ እንዳይቆም በባትሪ የሚሠራ ዓይነት ቢሆን መልካም ነው። ዋናው ነገር የመስኮትንና የአምፖልን ብርሃን አለመቀላቀል ነው፤ ሁለቱ ቀለማቸው ስለሚለያይ ብሩ በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ብጫ ይወጣል። ቀለሙ የሚስተካከለውም በሥራው መጀመሪያ ግራጫ ወይም ንጹሕ ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን በማንሣት ነው።

አምፖሎቹ የሚቀመጡት እንደ ሳንቲሙ ሁኔታ ነው። ያልተበላ፣ ጽሑፉ የደመቀ ጠገራ በሁለት ወገን ከፍ ብሎ በመጣ ለስላሳ ብርሃን ይወዳል። ሰው ሲዳስሰው የኖረ፣ መልኩ የተበላ ገንዘብ ግን አንድ መብራት ብቻ እጅግ ዝቅ ብሎ ከጎን እንዲመታው ይፈልጋል፤ ልክ ማታ ፀሐይ ልትገባ ስትል የተራራው ሸንተረር ሁሉ እንደሚታይ፣ የጠፋው ፊደልም በጥላው ይታያል። የአክሱምን ወርቅ ልባጥ ለማሳየት ደግሞ ብርሃኑ ከሌንሱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ይህ የሚደረገው ከሳንቲሙ በላይ አንድ ቁራጭ የመስኮት መስታወት በ45 ዲግሪ አዘንብሎ በማቆም ነው። መብራቱ ከጎን መስታወቱን ይመታል፤ መስታወቱ ከፊሉን ወደ ታች ወደ ሳንቲሙ ይመልሳል፤ ካሜራውም በመስታወቱ ውስጥ አሳልፎ ያያል። በመብራቱ ትይዩ ጥቁር ወረቀት ይቁም፤ አለዚያ መስታወቱ የግድግዳውን ምስል ይዞ ይመጣል። ዋጋው የመስታወቱ ቁራጭ ዋጋ ብቻ ነው።

ካሜራው በእጅ ማስተካከያ ላይ ይሁን፤ አይ ኤስ ኦ 100፤ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 8 ገደማ። ቀዳዳው እየጠበበ በሄደ መጠን ጥልቀቱ ይጨምራል ብሎ እስከ ኤፍ 22 የሚወርድ ብዙ ነው፤ በቅርብ በሚነሣ ዕቃ ላይ ግን በሌንሱ ላይ የተጻፈው ቍጥር እውነተኛው አይደለም። ምስሉ ከዕቃው ጋር እኩል በሚሆንበት ጊዜ ኤፍ 11 እንደ ኤፍ 22 ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ማጥበብ መስመሩን ሁሉ ያደበዝዛል። ካሜራው ሮው የሚባለውን ያልተነካ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ እርሱ ይቀመጥ።

በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ባለ ሚሊሜትር ማስመሪያ ይግባ፤ እርሱም ከሳንቲሙ የላይኛ ገጽ ጋር በአንድ ከፍታ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ሳንቲሙን አተልቆ ይዋሻል። ክብደቱም አብሮ ይመዝገብ፤ አንጥረኛው የወርቅ ሚዛን ስላለው በዚህ በኩል ከማንም ይልቅ እርሱ ረዳት ነው። ሙሉ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ነው፤ ከዚህ ብዙ የጎደለ ወይ ተቈርጧል፣ ወይ ተበልቷል፣ ወይ ሐሰተኛ ነው። ፊቱ፣ ጀርባውና ጠርዙ ለየብቻ ይነሡ።

ሳንቲሙን ለፎቶግራፍ ብሎ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ መፈተግ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ጥቁረቱ የዕድሜው ምስክር ነው፤ በአክሱም ነሐስ ላይ ደግሞ ፍተጋው ወርቁን ይዞት ይሄዳል። አቧራ ካለበት ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ የጎማ መንፊያ እፍ ይባልበት፤ የሚያዘውም በጠርዙ ነው። ባለቤቷ ድሪዋን አላወልቅም ካለች ከነድሪው ይነሣ፤ አንገቷ ላይ ያለው አቀማመጡ ራሱ ታሪክ ነው።

የተነሣው ሁሉ ከአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከቀረ ግን እንዳልተነሣ ይቆጠር፤ በ2014 ዓ.ም. ከየጽሕፈት ቤቱ የተወሰዱት ኮምፒውተሮች በውስጣቸው የያዙትንም ይዘው ነው የሄዱት። አንዱ ቅጂ በመርሳ፣ ሁለተኛው በወልድያ፣ ሦስተኛው ከዞኑ ውጭ ይቀመጥ፤ የዋና ዋናዎቹም ሥዕል በወረቀት ታትሞ ከክብደቱና ከስፋቱ ጋር በመዝገብ ይለጠፍ። የባለቤቱ ስምና ቤቱ የሚገኝበት ስፍራ በሚዘዋወረው ቅጂ ላይ አይጻፍ፤ በተዘጋው መዝገብ ውስጥ በቍጥር ብቻ ይያያዝ። ፎቶግራፉን ያየ ሌባ ሣጥኑ የት እንዳለ ማወቅ የለበትምና።